ድመትን ከወጥ ቤት ጠረጴዛና ከሶፋ ማራቅ፦ ሰው በሌለበትም የሚሠራ መንገድ አለ?

ጥያቄ፦ ከ«ሁለት ጭራ»

ሰላም ለሁላችሁ። በቤታችን ሁለት ድመቶች አሉ፤ አንዷ በዕድሜ የገፋችና ረጋ ያለች ሴት ስትሆን፣ ሌላው ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ነው። ያስቸገረን ወንዱ ነው። ምግብ መሥራት በጀመርን ቁጥር መክተፊያው ካለበት ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ይወጣል፤ አንሥተን መሬት ብናስቀምጠውም ፊታችንን ከማዞራችን ተመልሶ እዚያው ነው። ሌሊት ተኝተን የሚያደርገውን ባናይም፣ ጠዋት ስንነሣ የእግሩን ዱካ በምድጃው ዙሪያ ሳይቀር እናገኛለን። አጨብጭበናል፣ ስሙን በቁጣ ጠርተናል፣ ውሃ ረጭተንበታል፤ ያገኘነው ውጤት ቢኖር እኛ ባለንበት ሰዓት እየተጠነቀቀ፣ እኛ በሌለንበት እንደ ልቡ መሆኑ ብቻ ነው። የሶፋችንን ክንድ ደግሞ እየቧጨረ ክሩን አውጥቶታል።

ነገሩን አጣዳፊ ያደረገው ባለቤቴ ነፍሰ ጡር መሆኗ ነው። አንዳንድ ዘመዶቻችን ድመቶቹን በቶሎ ለሌላ ሰው እንድንሰጥ አጥብቀው ይመክሩናል። እኛ ግን ምግብ የምንሠራበት ቦታ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ከእነርሱ ጋር መኖር እንፈልጋለን። ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ሰው በሌለበትም ጭምር ድመትን ከጠረጴዛ የሚያርቅ መንገድ ካለ እንድታካፍሉኝ፣ ለነፍሰ ጡር ሴት ያለው ሥጋትም ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ ነው።

መልስ፦ ከ«እርጋታ»

ከጻፉት ሁሉ ዋናው ነገር «እኛ በሌለንበት እንደ ልቡ ነው» የሚለው ይመስለኛል። ድመቱ እስካሁን የተማረው፣ ሰው እያየው ጠረጴዛ ላይ መውጣት ቁጣ እንደሚያመጣ ነው። ጠረጴዛው ራሱ የተከለከለ ቦታ ስለመሆኑ ግን ማንም አላስተማረውም፤ በቁጣም ሊያስተምሩት አይችሉም፣ ምክንያቱም ቁጣው ከእርስዎ ጋር አብሮ ከወጥ ቤቱ ይወጣል።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባወጣው ጥናቱ፣ የተራቡ ድመቶችን በእንጨት ሣጥን ውስጥ እያስገባ፣ ገመድ በመሳብ ወይም መቀርቀሪያ በማንሣት በሩን ከፍተው ወደ ምግቡ ለመድረስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ይለካ ነበር። ድመቶቹ መጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ ሲቧጥጡና ሲገፉ ቆይተው በአጋጣሚ በሩ ይከፈትላቸዋል፤ ሣጥኑ ውስጥ ደጋግመው ሲገቡ ግን ፋይዳ ያልነበራቸው እንቅስቃሴዎች ቀስ በቀስ እየቀሩ፣ ምግብ ያስገኘው እንቅስቃሴ እየቀደመ ይመጣል። የእርስዎም ድመት ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገም። ጠረጴዛው ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ሆኖለታል፤ ደመወዙ እስካልተቋረጠ ድረስ ደግሞ ሥራውን የሚለቅበት ምክንያት የለውም። የሚያስቸግረው ነገር፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ጥቅም ሁልጊዜ ከሚገኘው ይልቅ ልማድን የሚያጠነክር መሆኑ ነው። አንድ ቀን ሳይከደን ያደረ ሥጋ ያገኘ ድመት፣ በተከታዮቹ ሌሊቶች ባዶ ጠረጴዛ ቢጠብቀውም ፍለጋውን በቀላሉ አይተውም። ስለዚህ ሥራው ከቤተሰቡ ይጀምራል፤ ከእራት በኋላ ጠረጴዛውና ምድጃው ተጠርገው፣ ቅባት የነካው ዕቃ ታጥቦ ወይም ተዘግቶበት፣ የቆሻሻ መጣያው ተከድኖ መታደር አለበት። (ስኳሩና ማሩ ተከፍተው ቢያድሩ ስለ ድመቱ አይጨነቁ፤ ድመቶች ጣፋጭነትን ለመለየት የሚያስፈልገው ዘረመል ስለማይሠራላቸው ጣዕሙ አይገባቸውም። ጉንዳኖቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው።)

ቀጥሎ ከምግብ ሌላ የሚከፈለው ነገር ካለ ይመርምሩ። አንዳንዱ ድመት የሚወጣው ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን ውሃ ለመጠጣት ነው፤ እንዲህ ላለው የሚፈስ ውሃ ያለው መጠጫ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ብቻውን ይበቃል። አንዳንዱ በጠረጴዛው በኩል ወደ መስኮቱ ለመድረስ ይወጣል። ብዙዎቹ ደግሞ ከፍታውን ራሱን ይፈልጉታል፤ ድመት አዳኝ ብትሆንም እርሷም በትልልቅ እንስሳት የምትታደን ትንሽ ፍጡር ናትና፣ ከፍ ብላ ዙሪያዋን መቃኘት ካልቻለች ልቧ አያርፍም። ይህን ፍላጎት መከልከል አይቻልም፤ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግን ይቻላል።

ስለዚህ በወጥ ቤቱ ውስጥ ወይም በመግቢያው አጠገብ፣ ቁመቱ ከጠረጴዛው የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ፣ ሲዘሉበት የማይወዛወዝ መቀመጫ ያዘጋጁለት። እዚያ ሆኖ የእጅዎን ሥራ ማየት መቻሉ ወሳኝ ነው፤ ማንም በማይደርስበት ጓዳ ውስጥ የተተከለ ውድ መወጣጫ ሰዎች ተሰብስበው ከሚሠሩበት ጠረጴዛ ጋር ሊፎካከር አይችልም። ምግብ መሥራት ከመጀመርዎ በፊት ድመቱን ወደዚያ መቀመጫ በቁራሽ ምግብ እየሳቡ ያስወጡት፤ ተቀምጦ እያለ በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ይስጡት፤ ከዚያም በሁለቱ ቁራሾች መካከል ያለውን ጊዜ ቀስ በቀስ ያርዝሙት። ወደ ጠረጴዛው ሲዘል ያለ ንግግር፣ ያለ ቁጣ፣ ዓይኑንም ሳያዩ አንሥተው ያውርዱት። መነጋገር ለሚወድ ድመት ቁጣም ቢሆን ወሬ ነው።

ጠረጴዛው መክፈል ባቆመባቸው የመጀመሪያ ቀናት ልማዱ ሊብስ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት። ጩኸቱና ዝላዩ የሚጨምረው ድመቱ የለመደውን ሲያጣ አጥብቆ ስለሚሞክር ነው። በዚያ ወቅት አንድ ጊዜ እንኳ ተሸንፈው ቁራሽ ከጣሉለት፣ አጥብቆ መሞከር እንደሚያዋጣ አስተማሩት ማለት ነው።

ስለ ሌሊቱ ደግሞ፣ ድመቶች ይበልጥ የሚነቁት በማለዳና በምሽት መባቻ በመሆኑ፣ ከመተኛትዎ በፊት በገመድ ላይ በታሠረ ላባ ወይም ጨርቅ እስኪደክመው አጫውተው ወዲያው የቀኑን የመጨረሻ ምግብ ይስጡት። አድኖ፣ በልቶ፣ ራሱን ልሶ መተኛት የተፈጥሮው ቅደም ተከተል ነው። ወጥ ቤቱ በር ካለው ይዝጉት፤ በር መዝጋት የሰነፍ መፍትሔ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መልስ፦ ከ«ቀጥተኛው»

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔ ድመት በውሃ መርጫ ብቻ ጠረጴዛውን ትታለች። ልዩነቱ ያለው በአፈጻጸሙ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ከተስማማ፣ አንዱ ሲረጭ ሌላው ካላባበለ፣ ድመት የተከለከለውን ነገር በሚገባ ትለያለች። ለአንድ እንስሳ ይህን ያህል መቀመጫ መሥራትና ቁራሽ መቁጠር ለእኔ ከልክ ያለፈ ሆኖ ይታየኛል።

መልስ፦ ከ«ጠይም»

ለ«ቀጥተኛው»፦ ድመትዎ እርስዎ ቤት በሌሉበት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አለመውጣቷን በምን አረጋገጡ? ጠያቂው የተናገሩት ችግር በትክክል ይኸው ነው። ውሃ የሚሠራው የሚረጭ እጅ ሲኖር ብቻ ነው፤ እጁ የማን እንደሆነ ደግሞ ድመት አትስትም። ዐይን አፋር የሆነች ድመት ከሆነች ጠረጴዛውን ትታ እርስዎን መሸሽ ትጀምራለች። ደፋር ከሆነች ደግሞ መርጫውን ስታይ ወርዳ፣ ሲቀመጥ ትወጣለች።

ክልከላ የግድ ካስፈለገ ከቦታው የሚመጣ እንጂ ከሰው የማይመጣ ይሁን። የአልሙኒየም ፎይል በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ማንጠፍ፣ ወይም በሁለቱም ጎኑ የሚያጣብቅ ፕላስተር በካርቶን ላይ ለጥፎ ድመቱ በሚያርፍበት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኮሽታውና መዳፍ ላይ የሚጣበቀው ነገር አብዛኞቹን ድመቶች ያስጠላቸዋል፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም እኩል ይሠራል። ካርቶን ያልኩት ጠረጴዛው ራሱ እንዳይጣበቅና ምግብ ሲሠራ በአንድ ጊዜ እንዲነሣ ነው። እንቅስቃሴ ሲያገኝ አየር የሚተፋ መሣሪያም አለ፤ ሆኖም በቤታችሁ ረጋ ያለች አሮጊት ድመት ስላለች ምንም ያላጠፋችውን እርሷንም ስለሚያስደነግጥ እኔ አልመርጠውም። ፎይሉም ሆነ ፕላስተሩ «እርጋታ» የጻፉት መቀመጫ ከሌለ ለብቻው ብዙ አይዘልቅም። ድመቱ ወይ ይለምደዋል፣ ወይ ወደ ፍሪጁ አናት ይዛወራል።

በዚሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ድመትን በጠረን ማባረር ይቻላል እየተባለ የብርቱካን ወይም የሌላ ተክል ዘይት፣ ናፍታሊን፣ በርበሬ እንድትጠቀሙ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ድመቶች የብርቱካንና የሎሚን ሽታ አለመውደዳቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉበታቸው ብዙ ኬሚካሎችን አጣርቶ የሚያስወጣበት ኢንዛይም ስለሚያንሳቸው፣ ለእኛ ምንም የማይመስለን የተጣራ ዘይት መዳፋቸውን ሲልሱ ወደ ሆዳቸው ገብቶ ሊመርዛቸው ይችላል። ናፍታሊን ግልጽ መርዝ ነው። ውሃ ሲጨመርበት እንደ ወተት የሚነጣው ዓይነት ፀረ ጀርምም ለድመት ስለማይስማማ፣ ጠረጴዛውን በእርሱ ወልውላችሁ ሳታጥቡት አትተዉት።

መልስ፦ ከ«ነጭ ጋዋን»

በእንስሳት ሕክምና ሙያ የምሠራ በመሆኔ ስለ እርግዝናው ጥያቄ ልመልስ። ዘመዶቻችሁን የሚያሠጋቸው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ሥጋቱ መሠረት ቢኖረውም ድመቱን ከቤት የሚያስወጣ አይደለም። ድመት ይህን ተሕዋስ የምታገኘው አይጥና ወፍ አድና ስትበላ ወይም ጥሬ ሥጋ ሲሰጣት ነው፤ ከተያዘች በኋላ ዕንቁላሉን በዓይነ ምድሯ የምታስወጣው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። የወጣው ዕንቁላል ደግሞ በሽታ የማስያዝ አቅም የሚያገኘው ከ1 እስከ 5 ቀን በውጭ ከቆየ በኋላ ነው። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ መመሪያ ቀላል ነው፤ የመጸዳጃ ሣጥኑ በየቀኑ ይጽዳ፣ የሚያጸዳውም ባለቤትዎ ሳትሆን እርስዎ ይሁኑ። ሌላ ሰው ከሌለና እርሷ የግድ ማጽዳት ካለባት ጓንት አድርጋ፣ ከዚያም እጇን በሚገባ ታጥባ ይሁን። ድመቶቹ ከቤት ሳይወጡ የበሰለ ወይም የተዘጋጀ የድመት ምግብ ብቻ የሚመገቡ ከሆነ ሥጋቱ በጣም አነስተኛ ነው። ሰዎች በዚህ ተሕዋስ የሚያዙት በአመዛኙ በደንብ ካልበሰለ ሥጋ፣ ካልታጠበ አትክልትና ከአፈር ሲሆን፣ ድመትን በመዳሰስ መያዝ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ባለቤትዎ ከዚህ በፊት ተይዛ እንደነበር የሚያሳይ የደም ምርመራ ስላለ፣ የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላትን ሐኪም ትጠይቅ።

ጠረጴዛውን በተመለከተ፣ በመጸዳጃ ሣጥኑ ውስጥ የቆመ እግር መክተፊያ ላይ መቆም የለበትም በሚለው እስማማለሁ፤ ይህም ከቶክሶፕላዝማ ይልቅ ሳልሞኔላን በመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ምክንያት ነው። ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት ጠረጴዛውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ መክተፊያውንም በቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ብዙ ሰው የሚተማመንበት በረኪና ባክቴሪያን ቢገድልም የቶክሶፕላዝማን ዕንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ ጠርጎና አጥቦ ማስወገዱ ይበልጣል።

በእኔ በኩል ጠረጴዛው ለሰው ከሚያመጣው ጉዳት ይልቅ ለድመቱ የሚያመጣው ያሳስበኛል። ከጠፋ በኋላ እንኳ ሙቀቱ ያልበረደ ምድጃ መዳፍ ያቃጥላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆኑ በስለው የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ሥጋ የታሠረበት ክር ከቅመሙ ጋር ይላስና፣ የድመት ምላስ ላይ ያሉት እሾህ መሰል ጫፎች ወደ ውስጥ የዞሩ በመሆናቸው መትፋት ስለማትችል ይዋጣል፤ አንጀት ውስጥ ገብቶም እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ሊሊ አበባ ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ፤ ብናኙ ፀጉሯ ላይ አርፎ ቢላስ እንኳ የድመትን ኩላሊት በጥቂት ቀናት ሊያጠፋ ይችላል።

ስለ አሮጊቷም አንድ ነገር ልበል። አሁን ረጋ ያለች ብትሆንም፣ ድንገት እንደ ወጣቱ ምግብ ፍለጋ ጠረጴዛ ላይ መውጣት ከጀመረች፣ በተለይም እየበላች ከከሳች፣ ዐመል ነው ብላችሁ አትለፉት። ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸው ድመቶች ላይ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት የተለመደ በሽታ ነው፤ ስኳር በሽታም እንዲሁ ያስርባል። በወጣቱ ላይ ደግሞ የአንጀት ትላትል መኖር አለመኖሩን መመርመር ተገቢ ነው። የቀኑን ምግብ መጠን ሳትጨምሩ ለብዙ ጊዜ ከፋፍላችሁ ብትሰጡት ሌሊት የመፈለጉ ነገር ይቀንሳል።

መልስ፦ ከ«ሁለት ጭራ» (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ሣጥኑና ስለ ደም ምርመራው የተጻፈውን ለባለቤቴ አንብቤላታለሁ፤ ሊሊ አበባ በቤት ውስጥ የለም። ድመቶቹ ከቤት አይወጡም፣ ጥሬ ሥጋም አይሰጣቸውም። ወጥ ቤታችን ከሳሎን ጋር የተያያዘ በመሆኑ የሚዘጋ በር ስለሌለው፣ መቀመጫውን በመስኮቱ በኩል ለማድረግ አስበናል።

የቀረኝ የሶፋው ጉዳይ ነው። መቧጨሪያ ገዝተንለት ነበር፤ በክፍሉ ጥግ ላይ ከቆመ ሰንብቷል፣ ድመቱ ግን አሽትቶት ያልፋል እንጂ አይነካውም። አንድ ወዳጃችን ጥፍሩን በቀዶ ሕክምና ማስነቀል ነው የሚሻለው ብሎናል፤ ይህስ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ ከ«እንጨት ሠሪው»

የቀዶ ሕክምናውን ሐሳብ ከአሁኑ እርሱት። ስሙ ጥፍር መንቀል ቢባልም የሚቆረጠው ጥፍሩ የበቀለበት የመጨረሻው የጣት አጥንት ነው። ብዙ አገሮች በሕግ ከልክለውታል፤ በአሜሪካም ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2019 በመከልከል ከግዛቶቹ የመጀመሪያዋ ሆናለች።

ስለ መቧጨሪያው፣ እኔ በሙያዬ እንጨት ሠሪ ስለሆንኩ ለደንበኞች የሚሆን ደጋግሜ ሠርቻለሁ፤ ገበያ ላይ ያሉት የሚወድቁበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አጭር ናቸው፣ ይወዛወዛሉ። ድመት ስትቧጭር የጥፍሯን አሮጌ ልባስ ትጥላለች፣ የጀርባዋን ጡንቻ ታፍታታለች፣ በጣቶቿ መካከል ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን ሽታዋንም እዚያው ታትማለች። ጀርባን ለማፍታታት ሙሉ ቁመትን ዘርግቶ ክብደትን መጣል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መቧጨሪያው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት፣ ድመቱ ሲንጠለጠልበት የማይነቃነቅ ሰፊና ከባድ መሠረት ሊኖረው ይገባል። ሶፋ የሚመረጠው በጨርቁ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሶፋ አይወድቅም። የቆመው እንጨት ላይ የቃጫ ገመድ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። በምንጣፍ ቁራጭ የተሸፈነውን ግን አልመክርም፣ ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍም የተፈቀደ ይመስለዋልና። አንዳንድ ድመት ደግሞ ጋደም ያለ ነገር ይመርጣል፤ ለእርሱ በጠርዙ ተደርድሮ የተጣበቀ ካርቶን ይበቃዋል። የእናንተው ግን የሶፋ ክንድ ስለሚቧጭር ቋሚውን እንደሚወድ ነግሯችኋል።

ቦታውም እንደ አሠራሩ ወሳኝ ነው። በጥግ የቆመ መቧጨሪያ ሽታውን ለማንም አያስነብብም። ከተበላሸው የሶፋ ክንድ ፊት ለፊት፣ ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው አስጠግታችሁ አቁሙት፤ በሶፋው ክንድ ላይ ለጊዜው ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የሚያጣብቀውን ፕላስተር አድርጉበት። ድመቶች ከእንቅልፍ ሲነሡ መንጠራራት ስለሚወዱ፣ በሚተኛበት አጠገብ ሁለተኛ መቧጨሪያ ቢኖር ጥሩ ነው። መዳፉን ይዛችሁ ገመዱ ላይ አትሹት፤ መገደዱን ይጠላል። ከዚያ ይልቅ መጫወቻውን በመቧጨሪያው ላይ እየጎተታችሁ ራሱ እንዲንጠለጠል አድርጉት። መቧጨሪያውን ማዘውተር ሲጀምር ወደምትፈልጉት ቦታ በየቀኑ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ማዛወር ትችላላችሁ፤ እኔ ግን የማይሰናክላችሁ ከሆነ ባለበት ተዉት እላለሁ።

ጥፍሩንም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ጫፍ ጫፉን ቁረጡለት። በውስጡ የሚታየውን ሮዝ ክፍል እንዳትነኩ፤ የደም ሥርና ነርቭ ያለው እዚያ ነው።

መልስ፦ ከ«ነጭ ጋዋን»

ከ«እንጨት ሠሪው» ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከላይ ሳልጠይቅ የቀረሁት አንድ ነገር አለ፤ ምድጃችሁ በጣት ንክኪ የሚበራ ዓይነት ነው? እንዲህ ያለውን ምድጃ ድመት በመዳፏ ልታበራው ትችላለች፤ አብዛኞቹ የልጆች መቆለፊያ ቁልፍ አላቸውና ማታ ማታ ቆልፉት፣ ላዩ ላይም ምንም ዓይነት ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ አታሳድሩ። «ጠይም» ያሉትን ካርቶንም ከምድጃው አርቃችሁ በጠረጴዛው ላይ ብቻ ተጠቀሙበት።

መልስ፦ ከ«ሁለት ጭራ» (ጠያቂው)

አዎ፣ በንክኪ የሚበራ ነው። መቆለፊያው እንዳለው አሁን ከመመሪያው ላይ አይተን ቆልፈነዋል። ካርቶኑን የምናነጥፈው ከቧንቧው በኩል ባለው ጫፍ ይሆናል፤ ሁልጊዜ የሚዘለው በዚያ ነው።